በኮሮና ጊዜ ብቻዬን ከቤት ስሠራ ምን ረዳኝ

ከቤት ሆኖ መሥራት ለሩቅ ተመልካች ያስቀናል። የታክሲ ሰልፍ የለ፣ የአለቃ ፊት የለ፣ በነጠላ ጫማ ተቀምጦ ደመወዝ መብላት ነው። ሰሞኑን የደወለችልኝ የድሮ ባልደረባዬ ድምፅ ግን ደስ አይልም ነበር። በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት ትሠራለች፤ ብቻዋን፣ አንድ ክፍል ውስጥ። «ሰው ናፈቀኝ፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ ይደብረኛል» አለችኝ። «አንች ያን ጊዜ በኮሮና እንዴት ቻልሽው?» የመለስኩላት ግማሹ በኔትዎርክ ተቆራርጦ ቀረ። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው አልኩ። እንደ እሷ ቤት ለሚውል ሰውም ይጠቅም ይሆናል።

ያኔ የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነበር። የአንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ቅርንጫፍ ቢሮ ውስጥ ሒሳብና ሪፖርት እይዛለሁ። ቤተሰቦቼ ቢቸና ናቸው። እኔ ማርቆስ ላይ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። አከራያችን እማማ ከፊት ባለው ትልቁ ቤት፣ እኛ ተከራዮች ከጓሮ በኩል በተደረደሩት ክፍሎች። ግቢው መሀል አንድ የኮክ ዛፍ አለ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ሲባል እኛ ቢሮ ገና እንቀልድ ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ያላኘከ አልነበረም። ወዲያው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወሩ ሳያልቅ ወሬው አባይን ተሻገረ። ባሕር ዳርና አዲስ ቅዳም ላይ ሰው ተያዘ ተባለ፤ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ላይ እንቅስቃሴ ተከለከለ። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። መጨባበጥ ተከለከለ፣ መኪና በግማሽ ሰው ይጫን ተባለ። የእኛ ቢሮ «ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ቤታችሁ ግቡ» ያለን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ለሁለት ሳምንት ነው ብለውን ነበር። ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የተባለው መሰለኝ።

እናቴ ስትሰማ «በይ ነይ» አለች። ማርቆስና ቢቸና በደህና ጊዜ ቁርስ በልቶ ተነስቶ ምሳ የሚደረስበት መንገድ ነው። ግን አባቴ ስኳር አለበት፤ እኔ ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ ከስንት ሰው ጋር ስተሻሽ የኖርኩ ነኝ። «ነይ ልጄ፣ ብንሞትም አብረን እንሙት» አለችኝ። «እማዬ፣ እናንተን ገድዬ እኔ ልኖር ነው?» አልኳት። ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም ተባባልን። ቀረሁ።

የመጀመሪያው ሰሞን ደስ ይል ነበር፤ ምን እደብቃለሁ። እንቅልፍ ጠገብኩ። ከዚያ ቀኑና ሌሊቱ መቀላቀል ጀመረ። አልጋ ላይ ሆኜ እሠራለሁ፣ እዚያው ዳቦ በሻይ እበላለሁ፣ እዚያው እተኛለሁ። ሥራ አትሠራም እንዳይሉኝ ብዬ በእኩለ ሌሊት ኢሜይል እልካለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ስልክ ተጠራና «ሄሎ» ስል ድምፄ ሻክሮ፣ የሌላ ሰው መስሎ ወጣ። ጉንፋን አልነበረብኝም። ከማታው ጀምሮ ከአፌ ቃል አልወጣም ነበር፣ ያ ብቻ ነው። ደነገጥኩ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ምክር የተጻፈበት ወረቀት በኢሜይል ልኮልናል። ለሥራ የተለየ ክፍል አዘጋጁ ይላል። ያለችኝ አንድ ክፍል ናት፤ አልጋዬም፣ ምድጃዬም፣ የውኃ ጀሪካኔም እዚያው። ፕሮግራም አውጡ ይላል። አውጥቼ በእስክሪብቶ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ግድግዳ ግን «ምነው አረፈድሽ?» አይልም።

ቆይቶ የገባኝ ነገር ይኼ ነው። ቢሮ እያለሁ ከአልጋ የሚያስነሳኝ የሚጠብቀኝ ሰው ነበር። ጥበቃው «ዛሬስ ቀደምሽ» ይለኛል። ቡና የምታፈላው ልጅ ስኒዬን ታውቀዋለች። የምሳ ጓደኛዬ ስድስት ሰዓት ሲሆን በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ለሥራ ያለኝ ፍቅር እንዳለ ሆኖ፣ ቀኑን ይዘው ያቆሙት እነሱ ናቸው። ቤት ስገባ ሥራው አብሮኝ መጣ፤ የሚጠብቁኝ ሰዎች ግን ቢሮ ቀሩ። ስለዚህ ራሴን በራሴ ማዘዙን ተውኩትና የሚጠብቀኝ ሰው ፍለጋ ያዝኩ።

የመጀመሪያዋ ያው የምሳ ጓደኛዬ ናት። በየቀኑ ጠዋት 2፡30 ሲሆን እደውልላታለሁ። ወሬው አምስት ደቂቃ አይሞላም። አደርሽ? አደርኩ። ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ? ይኼን ይኼን። በቃ። ካልደወልኩ እሷ ትደውላለች፤ ከተኛሁ ደግሞ ትሰድበኛለች። ስድቧ ከማንኛውም ማንቂያ ደወል ይሻል ነበር። ለዚህ ጥሪ ብዬ ፊቴን ታጥቤ፣ ልብስ ለውጬ እቀመጣለሁ። በስልክ እንደማታየኝ አውቃለሁ። ግን በፒጃማ የተወራ ወሬ ይታወቃል፤ ድምፅ ራሱ ይጋደማል።

ሁለተኛው ቡናው ነው። ይኼን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራው።

እማማ በሽታው ሲመጣ ቡና ማፍላት አቁመው ነበር። ጎጃም ውስጥ ቡና የማይጠራሩበት ግቢ ምን እንደሚመስል ለነዋሪው አልነግርም። ሰው በሩን ዘግቶ ቁጭ። ከወዲያ ማዶ የሚያስል ሰው ከተሰማ ሁሉም ጆሮውን ያቆማል። በዚያ ላይ ወሩ ዐቢይ ጾም ነው፤ ቤተክርስቲያን እንደ ወትሮው አይገባም። እማማ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢው በር ድረስ ይሄዱና ወደ ማርቆስ ቤተክርስቲያን ዞረው ይሳለማሉ። ተመልሰው ይገባሉ። ሲገቡ ሲያዩዋቸው አንጀት ይበላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የቡና ቁላ ሸተተኝ። ወጣ ስል ረከቦቱ ከኮኩ ዛፍ ሥር ተዘርግቷል። እማማ ከሩቅ ሆነው ትእዛዝ ይሰጣሉ። «የየራሳችሁን ስኒ ይዛችሁ ኑ። በርጩማችሁን ግን ከየደጃፋችሁ እንዳታነሱት!» አሉ። ሁላችንም በየበራችን ተቀመጥን። የልጅ ልጃቸው አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ጀበናውን ይዛ ትዞራለች። ስኒያችንን መሬት ላይ አስቀምጠን ወደ ኋላ ፈቀቅ እንላለን፤ እሷ ቀድታ ታልፋለች፤ ከዚያ እናነሳለን። ወሬ ለመሰማማት መጮህ ነበረብን። አንዷ ተከራይ ጆሮዋ ትንሽ ያስቸግራታል፤ የእሷ መልስ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም ነበርና ሳቁ የመጣው ከዚያ ነው። ቆሎው በየሳህናችን ነው። ስኒያችንን ያጠብነው ራሳችን ነን። እማማ እንዲህ አድርገው ከበሽታውም ከብቸኝነቱም የሚያድን መላ አበጁ፤ ማንም ባለሙያ አልነገራቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቡና አለ። እኔ አቦልና ቶናን ጠጥቼ ስነሳ እማማ ይቆጡኛል። «በረካ ሳይጠጣ የሚኬድበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ይላሉ። ላፕቶፕ ከፍቶ መቀመጥ ሥራ አይመስላቸውም። «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ፊልም ስታይ ዓይንሽ አይጠፋም?» ብለውኛል አንዴ። ከቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይኼ ይገጥመዋል፤ ቤት ያለ ሰው ሥራ የፈታ ነው የሚመስለው። «ይቺን ዕቃ ተቀበይልኝ»፣ «ልጁን እይልኝ»፣ «ውኃ መጥታለች፣ ቅጂልን» ይበዛል። በሩን ብትዘጉት ደግሞ ባሰ። «ምን አስቀይመናት ነው ያኮረፈችው?» ይባላል።

እኔ ያደረግሁት እማማን ጠርቼ፣ በራቸው ላይ እንደቆሙ፣ ስክሪኑን ማሳየት ነው። ይኼ የዚህ ወረዳ የዘር ወጪ ነው፤ ይኼ የዚያኛው። ይኼ ቁጥር ካልገጠመ አርሶ አደሩ ዘሩ በሰዓቱ አይደርሰውም። ዘር ሲሏቸው ገባቸው። ከዚያ በመጋረጃ ተግባባን። የመስኮቴ መጋረጃ ሙሉ በሙሉ ከወረደ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ቤቱ ካልተቃጠለ አትጥሩኝ። ወደ ጎን ከተሰበሰበ አንኳኩ። ከዚያ ወዲያ መጋረጃዬን ለግቢው ልጆች የሚያስረዱልኝ እሳቸው ሆኑ። «አታዩም? ወርዷል እኮ!» ሲሉ ከውስጥ እሰማለሁ።

ጠረጴዛውንም የሰጡኝ እማማ ናቸው። ድሮ ልብስ ይሰፉበት የነበረ የሲንጀር ስፌት መኪና አላቸው። መኪናው ወደ ውስጥ ይታጠፍና ላዩ ጠፍጣፋ ይሆናል። መስኮቱ ሥር አስጠግቼ ላፕቶፔን አደረግሁበት። አንድ ችግር ነበረው። እግሬ ሳላውቀው ፔዳሉን ይረግጠዋል፤ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። በስብሰባ መሀል አንዱ የአዲስ አበባ ባልደረባ «ማነው ወፍጮ ቤት ሆኖ የሚሰበሰበው?» ብሎ ሁሉንም አሳቀብኝ። በጨርቅ አሰርኩት። ጠረጴዛ ያለው ሰው ይኼ ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ሥራን ከአልጋ ማውረድ ግን እንቅልፌን መልሶልኛል። አንድ ክፍል ብቻ ላለው ሰው የምመክረው ይኼን ነው። ክፍል መለየት ባይቻል አንድ ጥግ ይለይ፤ ፊት ወደ መስኮት፣ ጀርባ ወደ አልጋ። ወገብ የሚያመው ትራስ ይደገፍ።

ሦስተኛዋ ጠባቂዬ ያቺ ጀበና ይዛ የምትዞረው የእማማ የልጅ ልጅ ናት። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ሚኒስትሪ ተፈታኝ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ነበር። እሷ ግን ሒሳቡን ከሬዲዮ መስማት አልሆነላትም። «እትዬ፣ ትንሽ ታሳይኛለሽ?» አለችኝ። 11፡30 ላይ ነይ አልኳት። በሬ ላይ፣ ውጭ፣ እሷ በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ፣ መሀላችን አንድ ጥቁር ሰሌዳ የሚያክል ካርቶን። በኋላ የሌሎቹ ክፍል ተማሪዎች ያለ ፈተና ይዛወሩ ሲባል 8ኛና 12ኛ ግን ተፈታኝ ሆነው ቀሩ። እሷ አለቀሰች። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ፤ ይቅር ይበለኝ።

ለምን መሰላችሁ? ከቤት ሲሠራ ከመጀመር ይልቅ መጨረስ ይከብዳል። ቢሮ ሲዘጋ ሁሉም ይወጣል፤ ቤት ግን ማን ያስወጣሃል? «ይቺን ብቻ ልጨርስ» እያሉ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ልጅቷ ግን 11፡30 ላይ ቆ ቆ ታደርጋለች። አለቃዬ መስመር ላይ ቢሆን እንኳ «ይቅርታ፣ ቀጠሮ አለኝ» እላለሁ። እውነቴን ነው፤ ቀጠሮ ነበረኝ። ላፕቶፑ ይዘጋል፤ በጨርቅ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ እስከ ነገ ጠዋት አይገለጥም። በነገራችን ላይ ከሒሳቡ ይልቅ ስለ ጓደኞቿ ማውራት ነበር የምትወደው። ማውራቱን እኔም አልጠላሁትም።

ስለ መብራትና ስለ ኢንተርኔት ጥቂት ልበል፤ በእኛ አገር ከቤት ሆኖ የመሥራት ግማሹ ይኼ ነው። መብራት ባለ ቁጥር ሁሉም ነገር ይሰካ፤ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ፓወር ባንክ። «ገና ግማሽ አለው» ማለት አያዋጣም። የሚወርድ ፋይል ካለ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አወርድ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰው ስለማይበዛበት ይፈጥናል። ቀን ላይ የምሠራው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ነው። ስብሰባ ላይ ምስል አጠፋለሁ፤ ድምፅ ብቻ። ለጥሪ ደግሞ ባትሪዋ ቀናት የምትቆይ አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ ለብቻ ይኑራችሁ። የዳታ ወጪውን አሠሪያችሁ እንዲሸፍን ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ እሺ አሉኝ፤ ቀድሞ የጠየቀ ስላልነበረ ብቻ ነው ያልሰጡት።

ያቺ ባለ ቁልፍ ስልክ ምን እንደምትሠራ ሰኔ ላይ ታየ። ሰኔ 22 ምሽት አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግሥቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሳምንታትም ሳይመለስ ቆየ። ከቤት ለሚሠራ ሰው ይኼ ቢሮው ድጋሚ እንደተዘጋበት ነው። የሰኔ መጨረሻ ደግሞ የሪፖርት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባው ሒሳብ ሠራተኛ ጋር በስልክ ቁጥር በቁጥር እየተነጋገርን ሞላን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ መልሶ ያነብልኛል። ትልልቁን ፋይል በፍላሽ ጭኜ መነኃሪያ ሄጄ ለማውቀው የአውቶቡስ ረዳት ሰጠሁት። ደረሰ።

ከሥራው ይልቅ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በቴሌግራም ብቻ የምገናኛቸው ሰዎች በአንድ ሌሊት ከሕይወቴ ጠፉ። ቀኑን ሙሉ ስንቀልድ የምንውልበት ግሩፕ ጭር አለ። ስልክ ቁጥራቸውን እንኳ የማላውቃቸው ነበሩ። የ2፡30 ጥሪዬ ግን አልተነካም። ቡናውም፣ ልጅቷም። ከዚያ ወዲህ የቅርብ ሰዎቼን ሁሉ በቀጥታ ጥሪ የማገኝበት ቁጥር ይዣለሁ፤ አልፎ አልፎም እደውላለሁ። እናንተም ዛሬውኑ ስልካችሁን ፈትሹ።

ወሬውን በተመለከተ፣ ያን ጊዜ ሰላምታ ሁሉ «ዛሬ ስንት ተገኘ?» ሆኖ ነበር። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የምታወጣውን ቁጥር ያልተከታተለ የለም። እኔም ስልኬን በየደቂቃው እነካካ ነበር፤ ልቤ ዝቅ ይላል፣ እንደገና እነካካለሁ። በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማታ፣ ከእማማ ሬዲዮ ጋር ለመስማት ወሰንኩ። እሳቸው ከውስጥ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል፣ እኔ በሬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ቁጥሩ ሲነገር «እግዚኦ» ይሉና ወዲያው ወደ ወጡ ይመለሳሉ። ብቻዬን ሳነበው ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ የሚያሳድረኝ ዜና ከሰው ጋር ስሰማው እራት አላስቀረብኝም። ጥርጣሬ ሲይዘኝ ደግሞ የኮሮና መረጃ የሚሰጥበት የስልክ መስመር 8335 ነበር። ሰፈር የሚወራውን መድኃኒት ሁሉ ከመሞከር መደወል ይሻላል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እራመድ ነበር። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ የማለዳው ብርድ በጋቢም አይቻልም። መንገዱ ላይ ሰው የለም። አልፎ አልፎ የቤተክርስቲያን ቅጥር ተደግፎ የሚጸልይ ሰው ይታያል፤ አንዱ ከአንዱ ርቆ። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል። ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ወጥቼ፣ ወደ ሥራ እንደገባ ሰው እመለሳለሁ። በቪዲዮ እያዩ ስፖርት መሥራት ግን ለእኔ አልሆነም። ማስታወሻ መጻፍም ሞክሬ ሰለቸኝ። በዙም «እንጫወት» ተብሎ የሚደረገው ስብሰባማ አይነሳ፤ ሁሉም ፈገግ ብሎ ሰዓት ያያል። ለሌላው ሊሠራ ይችላል፤ አልከለክልም።

ፋሲካ በሚያዝያ 11 ዋለ። ከቤተሰብ ተለይቼ ፋሲካን ስውል የመጀመሪያዬ ነበር። እማማ ማታውኑ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ በሳህን ከድነው ደጃፌ ላይ አስቀመጡልኝና በሩን መትተው ሸሹ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቢቸና ደወልኩ። እናቴ ስልኩን መሶቡ አጠገብ አስቀመጠችው፤ እኔም የእኔን ሳህኑ አጠገብ፤ ድምፁን ከፍ አድርገን አብረን ፈሰክን። አባቴ ባረከ። ታናሽ ወንድሜ ሲያላምጥ ይሰማኛል። እናቴ «ጉርሻ በስልክ አይላክ!» ብላ ሆድ ሊብሳት ሲል አባቴ «እኔ ልጉረስላት» አለ። ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳ በስልክ አብረን በላን። ብዙ አናወራም። ማንኪያ ይንኳኳል፣ «ጨው በዛ» ይባባላሉ። የሚገርማችሁ፣ ከረጅም የናፍቆት ወሬ ይልቅ ያ ነው የሚያጠግበኝ።

የከበደው ለቅሶው ነው። በዚያው ክረምት አጎቴ አረፈ፤ በኮሮና አይደለም፣ ታሞ የቆየ ነበር። ቀብር ላይ የሚገኘው ሰው ቁጥር ተገድቧል፤ እኔ አልሄድኩም። ለቅሶ አለመድረስ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አክስቴ ጋ ደወልኩና ምንም ሳልል አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። «ደርሰሻል ልጄ፣ ደርሰሻል» አለችኝ። በመልእክት «ነፍስ ይማር» ጽፎ ማለፍ ያጓጓል፤ ይቀላልና። እባካችሁ ደውሉ። ቃል ባይኖራችሁም ደውሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለናፍቆትና ለመሰላቸት ነው። ከዚያ የባሰ አለ። በዚያው ሰሞን አንድ ባልደረባችን እንቅልፍ አጣ። ምግብ አልወርድለት አለ። ጥሪ አያነሳም፤ ሲያነሳ «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ሳምንታት እንዲህ ሲሆን አንዱ ጓደኛው ቤቱ ድረስ ሄዶ በመስኮት አነጋገረው፤ በኋላም አብሮት ሐኪም ቤት ሄደ። መድኃኒት ጀመረ፣ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እኛ አገር እንዲህ ያለውን «ሐሳብ ነው፣ ይተዋል» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ግን ሐኪምም ይይ። መኖር የጠላ ሰው ካጋጠማችሁ ምክር ስታዘጋጁ ጊዜ አትግደሉ፤ አጠገቡ ሁኑና ይዛችሁት ሂዱ።

አሁን የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙዎቹ «አንቺማ እማማ ነበሩሽ» ይሉኛል። እውነት ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጎረቤቱን በስም የማያውቅ ሰው የኮክ ዛፍ ከየት ያመጣል? ግን የሚጠብቅ ሰው ዘመድ መሆን የለበትም። ከታች ያለው ጥበቃ ይሆናል። የባለሱቁ ልጅ ይሆናል። የጉሊቷ ሴት ትሆናለች። የአስቤዛ ብልጠት ለሳምንት የሚበቃ በአንዴ መሸመት ነው ይባላል፤ በወረርሽኙ ጊዜም ትክክል ነበር፣ መውጣት ይቀነስ ነበርና። ዛሬ ብቻውን ቤት ለሚውል ሰው ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። ቲማቲሙን በኪሎ አትግዙ። የዛሬውን ብቻ ግዙ፤ ነገም በዚያው ሰዓት ሂዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ብትቀሩ «ትናንት ምነው ጠፋሽ? መርጬ አስቀምጬልሽ ነበር» ማለቷ አይቀርም።